ጓዱን ሜዳ ላይ ያልጣለ ሠራዊት

አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ የቃኘው ሻለቃ አባላት ሲሰባሰቡ ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለንም። ቆብ ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ከዘራ ወይም የልጅ ልጅ ትከሻ ተደግፈው የሚመጡት አዛውንት የወደቁ ጓዶቻቸው ስም ወደ ተቀረጸበት ድንጋይ ይጠጋሉ። አንዱ ፊደሉን በጣቱ እየዳበሰ ያነባል። ሌላው ዓይኑ ስለደከመ አብሮት የመጣው ልጅ እንዲፈልግለት የጓዱን ስም ይጠራል። ስሙ ሲገኝ ሰላምታ የሚሰጥ አለ፤ ቆሞ የሚያለቅስም አለ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሐዘን ያን ጊዜ እንደ አዲስ መርዶ ይሆናል።

እኛ ደግሞ ይህን እንባ ማየት ለምደናል። ንግግር ይደረጋል፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ «ጀግኖቻችን» ተብሎ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የምንለው ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በሥርዓት ለውጥ የማይቋረጥ ተቋም እንደመሆኑ፣ ለኮሪያ ዘማቾች የገባውን ቃል አልጠበቀም። ጓዶቹን ሜዳ ላይ ጥሎ ባለመመለስ በዓለም የታወቀ ሠራዊት፣ ራሱ በላከው መንግሥት ተጥሏል። ዕዳው ዛሬም አልተከፈለም፤ የሚከፈላቸው ሰዎችም እያለቁ ነው። በ1945 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እነዚህ ሰዎች ለምን እንደሄዱ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ብዙም አይነገርምና። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ሲሉ የሰማቸው መንግሥት አልነበረም። ማኅበሩ አባሉን ከወራሪ አላዳነም። በሰኔ 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን መስመር ጥሶ ደቡቡን ሲወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአባሎቹ ያቀረበው ጥሪ፣ ኢትዮጵያ ከዓመታት በፊት ያቀረበችው ጥሪ ነበር። ከወረራው ነፃ ከወጣች ገና አሥር ዓመት ያልሞላት፣ ከተማዎቿ ከጦርነት ያላገገሙ ድሃ አገር «እኛ ስንጠራ አልመጣችሁም» ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። አልተቀመጠችም። ከ16ቱ ተዋጊ ጦር ከላኩ አገሮች አንዷ፣ ከአፍሪካም እግረኛ ጦር የላከች ብቸኛ አገር ሆነች።

በጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይመራ ከነበረው ከክብር ዘበኛ የተመለመሉት ወታደሮች በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ሲሠለጥኑ ቆዩ። ሻለቃው የልዑል ራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ተሰጠው፤ ቃኘው ተባለ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጃንሆይ እጅ ሰንደቅ ዓላማ ተቀብሎ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ተጭኖ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። የጠቅላላ ጦሩ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። ተከታዮቹን ሻለቆች ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌና ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል። እየተፈራረቁ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ምድር ላይ ቆመዋል። ከነሱ ውስጥ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል።

የተሰለፉት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። የተዋጉበት አገር ተራራ የበዛበት ነው፤ ለደገኛ ልጅ አቀበቱ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነበት ብርዱ ነው። በረዶ አይቶ የማያውቅ ወታደር ክረምቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድበት ምሽግ ውስጥ አደረ። አብዛኞቹ ኮረብታዎች ስም የላቸውም፤ በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ናቸው። ዛሬ አንድ አዛውንት ጓዱ የወደቀበትን ቦታ ሲጠየቅ የሚጠራው ያንን ቁጥር ነው። በቾርዎንና በኪምህዋ መካከል «የብረት ሦስት ማዕዘን» ተብሎ በታወቀው አካባቢ የተደረገው ፍልሚያ፣ ኋላም በ1945 ዓ.ም. ግንቦት በፖርክ ቾፕ ኮረብታ አቅራቢያ ባሉ የጦር ግንባር ምሽጎች የተደረገው የሌሊት ውጊያ በዘማቾቹ መካከል እስከ ዛሬ ይወሳል። ከዘማቾቹ አንደበት ሁልጊዜ የሚሰማው 253 ጊዜ ተዋግተን 253 ጊዜ አሸነፍን የሚለው ቃል ነው።

እኛን ግን ከድሉ ቁጥር በላይ የሚገርመን ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈርሞ ምርኮኞች ሲለዋወጡ፣ ከሰሜኑ የምርኮኛ ካምፕ የወጣ አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የተማረከ አልነበረማ። በዚያ የጸደይ ወራት ከክፍለ ጦሩ ጋር የነበረው አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ኢትዮጵያውያኑ ቅኝት ወጥተው ሲመለሱ ቁስለኛቸውንም ሬሳቸውንም ይዘው እንደሚመለሱ በአድናቆት መዝግቧል። ይህን የተናገረው ሌላ አገር ሰው ነው፤ በየጦሩ መካከል ዞሮ ያየ፣ የሚያወዳድርበት ያለው ሰው።

ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። በሌሊት፣ በጠላት ምሽግ ሥር፣ መድፍ እየወረደ፣ አንድ ወታደር የሞተ ጓዱን ተሸክሞ አቀበት ይወጣል። ሟቹ ከእንግዲህ ለውጊያው አይጠቅምም። ተሸካሚው ደግሞ በዚያ ምክንያት ሊሞት ይችላል። ሆኖም ጓድን ለጠላት ትቶ መምጣት ነውር ነው ተብሎ ስለታመነ ይሸከመዋል። የጓዱ እናት ልጇ የት እንደወደቀ ሳታውቅ እንዳትቀር ይሸከመዋል። ለቅሶ መድረስ፣ ሬሳን በወግ መቅበር፣ ተዝካር ማውጣት ትልቅ ነገር በሆነበት አገር ያደገ ልጅ ይህን የሚያስተምረው አሠልጣኝ አያስፈልገውም ነበር። በመታሰቢያው ፊት የሚያለቅሰው አዛውንት ምናልባት ከእነዚህ ተሸካሚዎች አንዱ ነው። የሚያነበው ስም በጀርባው ላይ ክብደቱን የሚያውቀው ሰው ስም ነው።

ሙታኑ አገራቸው ገብተዋል። ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያውያን መቃብር የለም፤ አስከሬናቸው ተመልሶ አዲስ አበባ በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ስማቸው ግን ፑሳንም አለ። ኮሪያውያን በመካነ መቃብሩ ውስጥ ባቆሙት የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ በዚያ ጦርነት የሞቱትን ከ40,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ስም አንድ በአንድ ቀርጸዋል፤ ኢትዮጵያውያኑም በዚያ ተጽፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 2 ቀን፣ በኮሪያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ወደ ፑሳን ዞሮ ለአንድ ደቂቃ በኅሊና ጸሎት መቆም ልማድ ሆኗል። መቃብራቸው እኛ ዘንድ፣ ጸሎቱ እነሱ ዘንድ ነው።

ከጦርነቱ የተመለሱት ምን ገጠማቸው? በኮሪያ ሳሉ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ በዶንግዱቼዮን የሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋሙ ሰዎች ናቸው። አገር ሲገቡ በአበባና በእልልታ ተቀበሏቸው፤ ኒሻን ተሰጣቸው። ዘማቾቹ የሰፈሩበት መንደር ዛሬም ኮሪያ ሰፈር ይባላል። ክብሩ ግን ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ነዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ ክፍሉ በሙሉ በጥርጣሬ ዓይን ታየ፤ ብዙ የክብር ዘበኛ አባላት ታሰሩ፣ ከሥራ ተባረሩ፣ ተበተኑ። ሴራውን የማያውቅ፣ ታዝዞ ከሰፈሩ የወጣ ተራ ወታደር ሁሉ ዕዳ ከፋይ ሆነ። ቃኘው የተወለደው ከክብር ዘበኛ ስለነበር ጥላው በዘማቾቹም ላይ አረፈ። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ራሳቸው በቤተ መንግሥት ከታገቱት ባለሥልጣናት ጋር በጥይት ተገደሉ። ሻለቃውን ያዘጋጁት ሰው በራሳቸው ክፍል ሰዎች እጅ ጠፉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበደ ቁስል ያለ አይመስለንም።

ከዚያ ደርግ መጣ። አዲሱ መንግሥት ከሞስኮና ከሃቫና ጋር ተሰልፎ፣ ከፒዮንግያንግ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ነበር። ኮሪያ ሄዶ ኮሚኒስት መዋጋት ከኩራትነት ወደ ወንጀልነት ተቀየረ። ዘማቾቹ ሜዳሊያቸውን ደበቁ፤ ፎቶግራፋቸውን ከግድግዳ አወረዱ፤ ለልጆቻቸው እንኳ ታሪካቸውን በሹክሹክታ አወሩ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ እንፈልጋለን፤ ሐውልቱ የሚዘክራቸው፣ የሶማሊያን ወረራ ሲመክቱ የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ከጎናቸው የወደቁት ኩባውያን ክብር ይገባቸዋል፤ ካራማራ ላይ የፈሰሰው ደም ከማንም ደም አያንስም። ነገር ግን ያኔ ያ የቃኘው ወታደር በቸርችል ጎዳና ሲያልፍ ምን እንደተሰማው አስቡ። እሱ የተዋጋው መንግሥት ባለሙያዎች በከተማው መሃል ሐውልት ሲያቆሙ የእሱ ጓዶች ግን የሕዝብ መታሰቢያ አልነበራቸውም።

ደርግም ወደቀ። በ1983 ዓ.ም. በመቶ ሺህ የሚቆጠረው የቀድሞ ሠራዊት ተበተነ። ካራማራ ላይ የተሸለመው ወታደር በየመንገዱ ሲለምን የታየው ያን ጊዜ ነው። ስለ ቃኘው ስንጽፍ ይህን የምናነሳው ከነገሩ ወጥተን አይደለም፤ በሽታው አንድ ነው። በአገራችን ወታደር የላከው መንግሥት ንብረት ተደርጎ ተቆጥሯል። መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሩም አብሮ ይወድቃል፤ ጡረታው፣ ማዕረጉ፣ ቁስሉ፣ የሞተ ጓዱ ስም ሁሉ ከወደቀው ሥርዓት ጋር ይቀበራል። አዲሱ የራሱን ሰማዕታት ይዞ ይመጣል፤ የራሱን ሐውልት ያቆማል። መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ያሉትን የሰማዕታት ሐውልቶች ያየ ይህን ይረዳል። ዘመኑ ያቆማቸው ናቸው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ጎብኚያቸው ይሳሳል።

የአፍንጮ በሩ መታሰቢያ የቆመው በ1998 ዓ.ም. ነው። የተኩስ ማቆሙ ከተፈረመ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም በኮሪያ ድጋፍ! ኮሪያውያን ያደረጉትን ደግሞ በዘመን ቅደም ተከተል እንመልከት። ቹንቾን ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት የተመረቀው በግንቦት 1960 ዓ.ም. ጃንሆይ ኮሪያን ሲጎበኙ ነው። በዚያው ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቷል። ቹንቾን ከአዲስ አበባ ጋር የእህትማማች ከተማነት ስምምነት አላት። ፕሬዚዳንት ሊ ሚዩንግ ባክ በ2003 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ የዘማቾቹን መታሰቢያ ሳይጎበኙ አልሄዱም። የኮሪያ መንግሥት የቀድሞ ዘማቾችን እየጋበዘ የተዋጉበትን ምድር ያስጎበኛል። ለልጅ ልጆቻቸው የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያስጨንቅ ጦር ልከው ለረዷት አገሮች ዘማቾች ጭምብል ልካለች፤ የእኛም አዛውንት ደርሷቸዋል።

ለኮሪያ ሕዝብ ያለን ምስጋና ከልብ ነው። አንድ ሕዝብ ውለታን ለሦስት ትውልድ ሲያስታውስ ማየት ያስቀናል። ይሁን እንጂ የኮሪያ ደግነት ለኢትዮጵያ መንግሥት ሽፋን መሆን የለበትም። ኮሪያ የምትከፍለው የራሷን ዕዳ ነው፤ ስለተዋጉላት ታመሰግናለች። የላኳቸው እኛ ነን፤ የእኛ ዕዳ የተለየ ነው። ልጁን ወደ ሩቅ አገር ልኮ፣ ልጁ ቆስሎ ሲመለስ ጎረቤት እንዲያስታምመው የሚተው አባት ቢኖር ምን እንለው ነበር? የዘማቾቹ ሕክምና፣ የቤታቸው ጥገና፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ከሴኡል በሚመጣ በጎ አድራጎት ላይ መንጠልጠሉ ለዚህ አገር ክብር አይደለም።

የሚነሱ መከራከሪያዎች አሉ፤ ልናልፋቸው አንሻም። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ እጅግ የከፋ ጦርነት አይታለች፤ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ሙት መካከል 120 ሰው ለምን ይለያል የሚል አለ። መከራከሪያው ከባድ ነው። የቃኘውን ሙታን ከሌሎቹ እናስበልጥ ግን አንልም። የቃኘው ጉዳይ ትንሽ መሆኑ ራሱ ለመንግሥት ማምለጫ የማያስቀር ያደርገዋል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ስማቸው ተመዝግቧል፤ መቃብራቸው ይታወቃል፤ ማኅበር አላቸው፤ የት እንደሚኖሩ ይታወቃል። ይህን ያህል ቀላል የሆነውን ያላደረገ መንግሥት ከባዱን አደርጋለሁ ሲል ማን ያምነዋል?

ሌላው የሚባለው ጦርነቱ የሌሎች ነበር፣ ወጣቶቻችን በኃያላን ሽኩቻ ውስጥ ገብተው ሞቱ የሚል ነው። ስለ ጦርነቱ ፖለቲካ የፈለገ ይከራከር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚቋጩት ነው። ወታደሩ ግን የተላከው በሕጋዊ መንግሥት ነው፤ በአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ነው የቆመው። የጦርነቱን ትክክለኛነት ለመመርመር የሞተውንና የቆሰለውን መርሳት አያስፈልግም። የመርሳት ፖለቲካ ያደረሰብንን ጉዳት ደግሞ አይተናል። እያንዳንዱ ሥርዓት የቀደመውን ወታደር ስለጣለ፣ ዛሬ መሣሪያ የሚያነሳ ወጣት ነገ አገሩ እንደምታስበው ምን ዋስትና አለው?

ይህ ጥያቄ ወደ ትልቁ ጉዳይ ያመጣናል። የአፍንጮ በሩን መታሰቢያ ልዩ የሚያደርገው ስሞቹ ናቸው። በኦጋዴን፣ በሰሜን ለዓመታት በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያን ስማቸው አንድ በአንድ ተዘርዝሮ የቆመበት ብሔራዊ መታሰቢያ የለም። ብዙ እናቶች መርዶ ሳይደርሳቸው «ይመጣል» ብለው በር በሩን እያዩ ኖረዋል፤ ዛሬም የሚኖሩ አሉ። ከኮንጎ ጀምሮ እስከ ላይቤሪያ፣ ዳርፉርና አብዬ በሰላም ማስከበር የተሰለፉና የወደቁ ወታደሮቻችንም አሉ። የእነሱን ስም በአደባባይ አንብበን እናውቃለን? ቃኘው ያስተማረን ይህ ማድረግ የሚቻል መሆኑን ነው። በ1940ዎቹ፣ ኮምፒዩተር በሌለበት፣ በሌላ አህጉር የተዋጋ ሻለቃ የሞቱበትን ሰዎች ሁሉ ስም ይዞ፣ አስከሬናቸውን ይዞ ተመልሷል። የእጅ ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን በራስ አገር የሞተን ወታደር ስም ለቤተሰቡ አለመንገር ምንም ሰበብ የለውም።

የገንዘብ እጥረት ነው የሚል መልስ ከተሰጠን አንቀበለውም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሁላችንም አይተናል። አገሪቱ ስትፈልግ ለታሪኳ የሚመጥን ሥራ መሥራት እንደምትችል አሳይታለች፤ ሥራውንም እናደንቃለን። ለዓድዋ ጀግና የተገነባው ይህን ያህል ሕንፃ ባለበት ከተማ በሕይወት ያለ የ90 ዓመት ዘማች የመድኃኒት ገንዘብ ሊቸገር አይገባም። የሞተ ጀግናን ማክበር ቀላል ነው፤ ጡረታ አይጠይቅም፣ ሐኪም አይፈልግም፣ አቤቱታ አያቀርብም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር በሕይወት ያሉትን የኮሪያ ዘማቾች በሙሉ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የኑሮ ሁኔታቸውን መዝግቦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዚህ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ምዝገባው የማኅበሩ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሆኖ መቅረት የለበትም። ለቀሩት ዘማቾችና ለሟቾቹ ሚስቶች ሙሉ ሕክምናቸውና ኑሮን የሚችል ጡረታ ከመንግሥት በጀት ይሸፈን፤ ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ በጀቱን አያናጋም። በ1953 ዓ.ም. ሙከራ ምክንያት ያለ ፍርድ የተባረሩ፣ በደርግ ዘመን ማዕረግና ጥቅማቸውን ያጡ ካሉ ክብራቸው በይፋ ይመለስላቸው፤ ከሞቱም ለቤተሰባቸው በጽሑፍ ይድረስ። የአፍንጮ በሩ ፓርክ በለጋሽ ፈቃድ የሚቆም መሆኑ ይቅርና በሕግ የተቋቋመ፣ በጀት ያለው፣ ተማሪ በነፃ የሚገባበት ብሔራዊ ቦታ ይሁን። በቅድስት ሥላሴ ያለው መካነ መቃብርም ከዚሁ ጋር ይያዝ፤ መቃብሩና መታሰቢያው በተለያየ ቦታ ስለሆኑ ሁለቱንም የሚያስተሳስር ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ለቃኘው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይስጠው፤ ሁለት መስመር ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ይቅር።

ከሁሉ በፊት ግን ድምፃቸው ይቀረጽ። ይህ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። በየወሩ አንዱ ሲያልፍ አብሮት የሚያልፈው ነገር በየትም ፋይል የለም። ማን ማንን እንደተሸከመ፣ የትኛው ኮረብታ ላይ ማን እንደጮኸ፣ ከኮሪያ ሕፃናት ጋር ምን ተባብለው እንደተለያዩ፣ በደርግ ዘመን ሜዳሊያውን የት እንደቀበረው ይዞት ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ክፍሎች፣ ኢቢሲና ሌሎች መገናኛ ብዙኃን በዓል ሲሆን ብቻ ካሜራ ይዘው መሄዳቸውን ትተው፣ በየቤታቸው ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጧቸው። አንድ ዘጋቢ ከአንድ ዘማች ጋር ሦስት ቀን ቢያሳልፍ የሚያገኘው ነገር ለበዓል ንግግር ከተጻፈ ሁሉ ይበልጣል።

ለኢትዮጵያ የወደቁትን ሁሉ ስም በአንድ ቦታ የሚያቆም ብሔራዊ መታሰቢያ እንዲኖርም እንጠይቃለን። የትኛው መንግሥት ላከው ሳይባል፣ በየትኛው ወገን ተሰለፈ የሚለው ክርክር ሳያግደው፣ በአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሞ የሞተ ሁሉ ስሙ ይጻፍ። ጊዜ ይወስዳል፤ የቤተሰብ ምስክርነት፣ የክፍለ ጦር መዝገብ፣ የሆስፒታል ሰነድ መገጣጠም ይጠይቃል። ቢሆንም መጀመር የሚቻለው ዛሬ ነው፤ ለመጀመርም የቃኘው ስም ዝርዝር አለ።

አንባቢያችን ሆይ፣ አንተም አንቺም የምታደርጉት አለ። አያታችሁ ወይም አጎታችሁ ኮሪያ ዘምቶ ከነበረ፣ በሣጥን ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ፣ የተጻጻፈው ደብዳቤ፣ የምስክር ወረቀት ወይም ሜዳሊያ ካለ አትጣሉት፤ አትሽጡትም። በጀርባው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቦታውንና ያላችሁን ታሪክ ጻፉበትና ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ አስረክቡ። በሕይወት ያለ ዘማች በሰፈራችሁ ካለ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት፤ የወደቁ ጓዶቹን ስም ይንገራችሁ፣ እናንተም ጻፉት።